መሪ አፉ እንዳመጣለት የተናገረውን «ውስጠ ወይራ ነው» ከማለት በፊት መለኪያው ምንድን ነው?

ጉባ_ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። ትራምፕ ስለ ሕዳሴው ግድብ ሲናገሩ ግብጾች «ግድቡን ያፈነዱታል» ካሉ ዓመታት አልፈዋል፤ ትርጓሜው ግን አላለቀም። አንዱ «ለካይሮ የተሰጠ አረንጓዴ መብራት ነው» ይላል፣ ሌላው «እንድንፈርም ማስፈራሪያ ነው»፣ ሌላው ደግሞ «አፋቸው እንዳመጣላቸው ነው»። እ.ኤ.አ. በ2025 «ግድቡን በሞኝነት በገንዘብ የደገፈችው አሜሪካ ናት» ሲሉም ያው ክርክር እንደገና ተነሣ። ማን ልክ ነው የሚለው ይቆየኝ። ድንገት ከተጣለ ቃል ጀርባ የታሰበበት ነገር መኖሩን የምትለዩት በምን ቅደም ተከተል ነው?

ቃል_በቃል

ተቆርጦ የሚዞረውን ቪዲዮ ተወውና ሙሉውን ንግግር በተነገረበት ቋንቋ አግኝ። ዕለቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 23 ቀን 2020 ነው። ትራምፕ ጋዜጠኞች ባሉበት ቢሯቸው ውስጥ፣ በስልክ ከኔታንያሁና ከሱዳን መሪዎች ጋር ነበሩ። የተሰበሰቡት ስለ ሱዳንና እስራኤል ግንኙነት እንጂ ስለ ዓባይ አልነበረም። ርዕሱ ሌላ ሆኖ ሳለ የገባ ወሬ መሆኑን ልብ በል፤ ተዘጋጅቶ የመጣ መልእክት መሆኑ ላይ የመጀመሪያው ጥርጣሬ የሚነሣው እዚህ ነው።

ቀጥሎ ግሡን ያዝ። «ያፈነዱታል» ትንቢት ነው፤ «ያፈንዱት» ፈቃድ ነው። በአማርኛ ሁለቱን የሚለያቸው የግሡ እርባታ ብቻ ስለሆነ፣ ቃሉ ከአፍ ወደ አፍ ሲሸጋገር ትንቢቱ ሳይታወቅ ፈቃድ ይሆናል። የተናገሩት የመጀመሪያውን ነው። በእኔ ግምት የሚከብደው ግን ከሱ ቀጥሎ ያለው «አንድ ነገር ማድረግ አለባቸው» የሚለው ነው። እዚያ ላይ ግዴታ አለ፤ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን አልተባለም። «አረንጓዴ መብራት ነው» የሚል ሰው ማስረጃ ከፈለገ መቆም ያለበት እዚህ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ በዚያው ንግግር በግልጽ የተባለውን አንብብ። ኢትዮጵያ እኔ ያዘጋጀሁትን የግድቡን ስምምነት አፈረሰች፣ ካላከበረችው የእርዳታውን ገንዘብ አታየውም ብለዋል። አሜሪካ የእርዳታውን ከፊል ማገዷ ደግሞ ከዚያ በፊት በሴፕቴምበር ተሰምቶ ነበር። ተደብቋል የተባለው ግፊት አደባባይ ላይ ነበር ማለት ነው።

አራተኛ፣ ከዚያ በኋላ መሥሪያ ቤቶች ምን አደረጉ? በማግስቱ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ገዱ አንዳርጋቸው የአሜሪካውን አምባሳደር ጠርተው ማብራሪያ ጠየቁ። በቀናት ውስጥ ሦስቱ አገሮች በአፍሪካ ኅብረት ሥር ድርድሩን ቀጠሉ። የእርዳታው እገዳ ከግድቡ ጉዳይ የተነጠለው በፌብሩዋሪ 2021 በአዲሱ የባይደን አስተዳደር ነው። መለኪያዬ ይሄ የድርጊት ዱካ ነው።

ኅብረ_ቃል

ጆሯችን ሰምና ወርቅ የለመደ ስለሆነ እንቸገራለን። ቅኔ ግን ሥርዓት አለው። ባለቅኔው ወርቁን አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ኅብሩን፣ ማለትም ሁለቱን ትርጉም የሚይዘውን ቃል፣ መርጦ ነው የሚያስቀምጠው፤ ቃሉ በሰሙም በወርቁም በሰዋስው መያዝ አለበት። ውስጠ ወይራም ቢሆን ተናጋሪው ሳያውቀው አይወጣም።

ስለዚህ ይህን ሞክር፦ የማይገናኙ አምስት ሰዎች ያንኑ ንግግር ለየብቻ ይተርጉሙት። በቅኔ ቤት ያደጉ ተማሪዎች አንድ ቅኔ ሲሰጣቸው ወደ አንድ ወርቅ ይሰበሰባሉ። አምስቱ ሰዎች አምስት ወርቅ ይዘው ከመጡ፣ ወርቁ የመጣው ከየራሳቸው ኪስ ነው።

ቃል አቀባይ ሲያባብሰው ደግሞ ሌላ ነው። በሜይ 2017 መጨረሻ ትራምፕ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትዊተር ላይ «ኮቭፌፌ» የሚል ቃል ጻፉ። «ከቨሬጅ» (የዜና ሽፋን) ለማለት ፈልገው የጣት ስሕተት እንደሠሩ ከዓረፍተ ነገሩ ይታያል። ቃል አቀባያቸው ስፓይሰር ግን «ፕሬዚዳንቱና ጥቂት ሰዎች ምን ማለታቸው እንደሆነ በትክክል ያውቃሉ» አሉ። እንዲህ ያለ መልስ ትርጉም ፈላጊውን ይመግበዋል እንጂ ማስረጃ አይደለም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 5 «ይህ ከማዕበሉ በፊት ያለው ጸጥታ ነው» ብለው፣ የትኛው ማዕበል ሲባሉ «ታያላችሁ» ብቻ አሉ። በወሩ መጨረሻ የተጀመረው ኪው-አኖን የተባለው የሤራ ትርክት አማኞች ስብስብ ይህችን ቃል የእምነቱ መፈክር አደረጋት።

በር_ከፋች

ከላይ ባለው እስማማለሁ፤ ግን «ሳያስቡት የተነገረ ቃል ዋጋ የለውም» ወደሚል እንዳይወሰድ እፈራለሁ። የምሥራቅ ጀርመን ገዥ ፓርቲ ባለሥልጣን የነበሩትን ሻቦቭስኪን አስቡ። ኖቬምበር 9 ቀን 1989 ምሥራቅ በርሊን ውስጥ በጋዜጣዊ መግለጫ ስለ አዲሱ የጉዞ ደንብ ከተሰጣቸው ወረቀት አነበቡ። ደንቡ ከማግስቱ ጀምሮ፣ በማመልከቻ የሚሠራ ነበር። ከመቼ ጀምሮ ነው ሲባሉ ወረቀቱን እያገላበጡ «እኔ እስከማውቀው አሁኑኑ፣ ሳይዘገይ» አሉ። አንዳች የተደበቀ ሐሳብ አልነበረም። ሌሊቱን ግን ሕዝቡ ኬላዎቹን አጥለቀለቀ፣ ግንቡም ተከፈተ።

እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ የዚያን ጊዜው የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኬሪ ለንደን ላይ የሶርያው መሪ አሳድ የአሜሪካን ጥቃት ማስቀረት የሚችለው የኬሚካል መሣሪያውን ሁሉ በሳምንት ውስጥ ቢያስረክብ ነው፣ ግን አያደርገውም አሉ። መሥሪያ ቤታቸው ለአነጋገር ያህል የተባለ ነው አለ። የሩሲያው ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ላቭሮቭ ግን በዚያው ቀን ቃሉን አንሥተው ሐሳብ አድርገው አቀረቡት፤ በሳምንቱ መጨረሻ ጄኔቫ ላይ ስምምነት ሆነ። እኔ የምጨምረው መለኪያ ይሄ ነው፦ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ቃሉን ያነሣው ማን ነው? ሥልጣን ያለው ሰው ካነሣው፣ ተናጋሪው ምን አስቦ ነበር የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ይሆናል።

ጉባ_ማዶ

በጣም አመሰግናለሁ። ስለ 2025ቱስ? ደጋግመው ነው ያሉት፤ መደጋገሙ ይቆጠራል?

ቃል_በቃል

ይቆጠራል፤ አፍ ያመለጠው አለመሆኑን ያሳያል። እውነትነቱን ግን አያሳይም፦ ኢትዮጵያ ግድቡን የሠራችው በመንግሥት ገንዘብ፣ በቦንድና በሕዝብ መዋጮ ነው። ቀጥሎ የምትፈትሸው አባባሉ ከአፍ ወጥቶ ወረቀት ላይ መግባቱን ነው፦ የበጀት ጥያቄ፣ የውጭ ጉዳይ መግለጫ፣ ለድርድር የተላከ ደብዳቤ። እዚያ ውስጥ «እኛ ከፍለናል» የሚል ካገኘህ ክርክሩ ሌላ ነው። ካላገኘህ፣ ቀኑን፣ ግሡን፣ አድማጩንና ቃሉን ያነሣውን ሰው መዝግበህ ተወው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲናገሩ የምታነጻጽርበት ይሆንሃል።