የ18 ዓመት መኪና፦ ሞተሩ ይውረድ ወይስ መኪናው ይሸጥ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 18 ዓመት ያገለገለ፣ 265,000 ኪሎ ሜትር የሄደ፣ 1.6 ሊትር ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን መኪና አለኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ረጅም ዳገት እየወጣሁ ሳለ የሙቀት መለኪያው ቀዩን መስመር አለፈ። ወዲያው ማቆም እንደነበረብኝ አሁን አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን የዳገቱ ጫፍ ቅርብ መስሎኝ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ነዳሁት። ከዚያ ወዲህ ራዲያተሩ በየሁለት ቀኑ ውኃ ይጎድለዋል፤ ከመኪናው ሥር ግን የሚንጠባጠብ ነገር አላየሁም። ጠዋት ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንቀጠቀጣል፣ ከማርሚታው የሚወጣው ነጭ ጭስም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም።

የወሰድኩበት ጋራዥ መካኒክ ድምፁን አዳምጦና የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ ካየ በኋላ «ሞተሩ ወርዶ ሙሉ በሙሉ መታደስ አለበት» አለኝ። ፒስተን፣ ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው የብረት ቀለበት)፣ ብሮንዚን (የሞተሩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ስስ ብረት)፣ ቫልቭ፣ የሲሊንደር ሥራ ሁሉ ተደምሮ የነገረኝ ዋጋ፣ መኪናው ደህና በነበረ ጊዜ ቢሸጥ ከሚያወጣው ከግማሽ በላይ ነው። የመኪናው ሌላ አካል ደህና ነው፤ ዝገት የለበትም፣ ካምቢዮው ከሁለት ዓመት በፊት ተሠርቷል፣ ዘይትም በ5,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ ጨምሬ አላውቅም። ለካምቢዮው ያወጣሁትን ገንዘብ ሳስብ መሸጥ ያሳዝነኛል፤ በሌላ በኩል ለአሮጌ መኪና ይህን ያህል ማውጣት ሞኝነት እንዳይሆን እፈራለሁ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ውሳኔ የሚሰጠው እንዴት ነው?

መልስ 1፦ በጋራዥ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፈ

ስለ ውሳኔው ከመነጋገራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ከነገሩን ሁሉ ውስጥ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ መታደስ እንዳለበት የሚያሳይ አንድም ማስረጃ አላገኘሁም። የዘረዘሯቸው ምልክቶች፣ ማለትም ከሙቀት በኋላ የጀመረ የውኃ መጉደል፣ ነጭ ጭስና የጠዋት መንቀጥቀጥ፣ በመጀመሪያ ደረጃ የሚጠቁሙት የቴስታታ ጋስኬት፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በብሎኩ (በሲሊንደሮቹ አካል) መካከል ያለው ማሸጊያ፣ መቃጠሉን ነው። ጠዋት የሚንቀጠቀጠው ሞተሩ ቆሞ ባደረበት ሰዓት ውኃ ወደ አንዱ ሲሊንደር ስለሚሰርግ ሊሆን ይችላል። ፋሻና ፒስተን ያለቀበት ሞተር ጭሱ ሰማያዊ ነው፣ ዘይትም ይበላል፤ የእርስዎ ሞተር ግን ዘይት እንደማይበላ ራስዎ ነግረውናል። ይህ ማለት ግን ሙቀቱ የታችኛውን ክፍል በፍጹም አልነካውም ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ከመገመት መለካት ይሻላል።

እንዲደረግልዎ የሚጠይቁት የመጀመሪያው ፍተሻ የኮምፕሬሽን፣ ማለትም ፒስተኑ አየሩን ሲያምቀው የሚፈጠረው ግፊት፣ ልኬት ነው። ካንዴላዎቹ (ነዳጁን የሚያቀጣጥሉት) ሁሉ ወጥተው፣ የነዳጅ መርገጫው እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ በጠንካራ ባትሪ ይለካል። ደህና የሆነ የቤንዚን ሞተር እንደ ዓይነቱ ከ10 እስከ 14 ባር አካባቢ ያሳያል፤ ከቁጥሩ ትልቅነት ይልቅ ግን በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት የበለጠ ይናገራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ብዙ ጊዜ በመካከላቸው ያለው ጋስኬት ነው የተበላሸው። ዝቅተኛ ባሳየው ሲሊንደር ውስጥ ጥቂት የሞተር ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሶ እንደገና መለካት ደግሞ ትልቅ ቁም ነገር ይነግራል፦ ዘይቱ ፋሻውን ለጊዜው ስለሚደፍንለት ቁጥሩ በደንብ ከፍ ካለ ችግሩ የፋሻ ነው፤ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ የቫልቭ ወይም የጋስኬት ነው።

ከዚያ ቀጥሎ በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀ አየር ተለቅቆ የሚወጣበት ቦታ ይደመጣል። በማርሚታው ከተነፈሰ የጭስ ማውጫው ቫልቭ፣ በአየር ማስገቢያው ከተነፈሰ የመግቢያው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከተነፈሰ ፋሻው ነው፤ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከፈጠረ ጋስኬቱ ወይም የተሰነጠቀ ቴስታታ ነው። በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ፣ የተቃጠለ ጋዝ ሲያገኘው ከሰማያዊ ወደ ቢጫ የሚለወጥ ፈሳሽም አለ፤ ርካሽና ፈጣን ፍተሻ ነው። በመጨረሻም የዘይት ፊልትሮውን አስቆርጠው ወረቀቱን ዘርግተው ይዩት። የሚያብረቀርቅ የብረት ብናኝ ከሞላበት ብሮንዚኑ ተነክቷል፣ ያን ጊዜ የመካኒኩ ፍርድ ትክክል ይሆናል። ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከሆነም ውኃ ተቀላቅሎበታልና ሞተሩን ደግመው አያስነሡ።

እንዲያውም እስኪፈተሽ ድረስ ባይነዱት እመክራለሁ። ሲሊንደሩ ውስጥ ብዙ ውኃ ተጠራቅሞ ሳለ ሞተሩ ቢነሣ፣ ውኃ እንደ አየር ስለማይታመቅ የፒስተኑን ክንድ ሊያጣምም ይችላል፤ ያን ጊዜ ሞተሩን ማውረድ ግዴታ ይሆናል።

መልስ 2፦ በሒሳብ የሚያስብ

የቴክኒኩን ጉዳይ ከላይ ላለው ባለሙያ ልተወውና ስለ ገንዘቡ ልጻፍ። «ጥገናው የመኪናውን ዋጋ ግማሽ ካለፈ አይሠራም» የሚባለው የተለመደ አባባል ለኔ ብዙም አይዋጥልኝም፤ የሚያነጻጽረው የማይነጻጸሩ ነገሮችን ነውና። ለማስረዳት ያህል ደህና ሆኖ የሚያወጣው ዋጋ 100 ነው እንበል። እንደተበላሸ ቢሸጥ 35 ያወጣል፣ ሙሉ እድሳቱ 55 ይጠይቃል። ከሸጡት በእጅዎ የሚገባው 35 ነው፤ ተመሳሳይ መኪና ለመግዛት 65 ይጨምራሉ። ያ የሚገዙት መኪና ደግሞ ታሪኩን የማያውቁት፣ ምናልባትም ባለቤቱ የሸጠው እርስዎ አሁን ባሉበት ዓይነት ችግር ውስጥ ሆኖ የሆነ መኪና ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ንጽጽር 55 ከ100 ጋር ሳይሆን፣ 55 ከ65 እና ከማይታወቅ ተጨማሪ ወጪ ጋር ነው። ቴስታታው ብቻ ተሠርቶ ወጪው ወደ 20 ቢወርድ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ይጠፋል።

ስለ ካምቢዮው የሚሰማዎትን ግን ከሒሳቡ ያውጡት። ያ ገንዘብ ቢሸጡትም ባይሸጡትም ሄዷል። የሚቆጠረው ካምቢዮው በሚቀጥሉት ዓመታት ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ብቻ ነው፤ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። መኪናውን በአንድ ዓመት ውስጥ ለመሸጥ የሚያስቡ ከሆነ ሙሉ እድሳት አያሠሩ፤ ገዢ ለታደሰ ሞተር ያወጡትን ያህል አይከፍልም፣ አንዳንዱም «ሞተሩ ወርዷል» ሲባል ጭራሽ ይሸሻል። አራትና አምስት ዓመት ሊነዱት ካሰቡ ግን ወጪውን ለወራቱ አካፍለው ይመልከቱት።

መልስ 3፦ አንድ ጊዜ የተቀጣ

የሁለቱንም ሐሳብ አከብራለሁ፤ ሆኖም ቁጥሩ በወረቀት ላይ ሲያምር መኪናው ላይ እንደዚያ አለመሆኑን ከራሴ ስለማውቅ ትንሽ ልቃወም። የ20 ዓመት መኪናዬን ሞተር ሙሉ በሙሉ አሳደስኩ። ሞተሩ እንደ አዲስ ሆነ፤ ነገር ግን በስምንት ወር ውስጥ የመሪው ክፍል፣ የራዲያተሩ ቱቦዎች፣ በመጨረሻም የሽቦው ሽፋን እየተሰነጣጠቀ የኤሌክትሪክ ጣጣ ተከታተለብኝ። ላስቲክና ፕላስቲክ የሚያረጀው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በዓመት ጭምር ነው፤ ጠንካራ ሞተር ባረጀ አካል ላይ ማስገባት ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ውሳኔ ከመስጠትዎ በፊት መኪናውን ከሥር አስነሥተው፣ ሞተሩን በማይሠራልዎ ሌላ መካኒክ ሙሉውን ያስመርምሩ።

ያገለገለ ሞተር ገዝቶ መግጠምም አማራጭ ነው፤ በሥራ ሰዓትም ከእድሳት ያጥራል። ያንን ከመረጡ ኮምፕሬሽኑ ፊትዎ ይለካ፣ የሞተር ቁጥሩም በመኪናው ሰነድ ላይ የተመዘገበ ከሆነ ለውጡን በሕጋዊ መንገድ ያስመዝግቡ። የእኔ ጥፋት የቀረውን የመኪናውን ክፍል ባለማስመርመሬ ሳይሆን፣ የምከፍለውን ጣሪያ አስቀድሜ ባለመወሰኔ ነበር፤ በየደረጃው «እዚህ ከደረስኩ በኋላማ» እያልኩ ቀጠልኩ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መኪናውን አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ ወሰድኩትና ፍተሻዎቹ ተደረጉ። የኮምፕሬሽኑ ውጤት ከአንደኛው እስከ አራተኛው ሲሊንደር 12.5፣ 12.3፣ 7.1 እና 6.9 ባር ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው ዘይት ሲጨመር ቁጥሩ ምንም ያህል አልተለወጠም። ወደ ሦስተኛው የተለቀቀው አየር በአራተኛው የካንዴላ ቀዳዳ ወጣ። ሰማያዊው ፈሳሽ ቢጫ ሆነ። ዘይቱ ንጹሕ ነው፤ ፊልትሮውም ውስጥ የብረት ብናኝ አልተገኘም። ከሥር ሲታይ ሁለት የላስቲክ ቡሾችና አንድ የራዲያተር ቱቦ ከመድከማቸው በስተቀር ሌላ የሚያሳስብ ነገር የለም ተብሏል። ቴስታታው ከተፈታ አይቀር ፋሻውንም ማስቀየር ይሻላል?

መልስ 1፦ በጋራዥ ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፈ

ፋሻውን አይንኩት። 12.5 የሚያሳይ፣ ዘይት የማይበላ ሞተር ፋሻው ሥራውን እየሠራ ነው፤ «ከተፈታ አይቀር» የሚለው ሐሳብ ነው ትንሹን ሥራ ትልቅ የሚያደርገው። የሦስተኛውና የአራተኛው አብሮ መውረድና አየሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፉ ጋስኬቱ በመካከላቸው መቃጠሉን በግልጽ ያሳያል።

ሥራውን በሁለት ደረጃ ይስማሙ። በመጀመሪያ ቴስታታው ይፈታና ወደ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን ወደሚላግበት) ይሂድ፤ እዚያ በቀጥተኛ ማስመሪያና በስስ መለኪያ ቅጠል ጠፍጣፋነቱ ይለካ፣ በግፊትም ስንጥቅ እንደሌለው ይረጋገጥ። ብዙ የአሉሚኒየም ቴስታታዎች የሚፈቅዱት መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይላጋል፣ የአምራቹን ዝቅተኛ ውፍረት ሳያልፍ መሆን አለበት። የብሎኩ ፊትም በዚያው መለኪያ ይታይ፤ ይህንን ብዙዎች ይዘሉታል። ቴስታታው በተፈታበት ሰዓት የሲሊንደሮቹን ግድግዳ ራስዎ በባትሪ ብርሃን ይመልከቱ። ከፋብሪካ የተሠሩት የተሻገሩ ጭረቶች ገና የሚታዩ ከሆነና ጣት የሚይዘው ጭረት ከሌለ ይቀጥሉ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ወይም ግድግዳው ተጎድቶ ከተገኘ ግን እዚያው ቆመው ሒሳቡን እንደገና ይሥሩ፤ እስከዚያ የወጣው ወጪ ትንሽ ነው።

አዲስ ጋስኬት ሲገባ የቴስታታው ቡሎኖችም፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠብቁ ዓይነት ከሆኑ፣ አዲስ ይሁኑ። የታይሚንግ ቺንጊያውና የውኃ ፓምፑም ለዚህ ሥራ የሚፈቱ ወይም በቅርብ የሚገኙ ስለሆኑ አሁኑኑ ቢቀየሩ ተጨማሪው የእጅ ዋጋ ጥቂት ነው። ከሁሉም በላይ ግን መኪናው መጀመሪያ ለምን እንደ ጋለ ይፈለግ። ቴርሞስታቱ (ሞተሩ ሲሞቅ ውኃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው)፣ የራዲያተሩ ማራገቢያ፣ የራዲያተሩ መደፈን፣ የፓምፑ ክንፍ፣ አንዱ ነው ጥፋተኛው። ምክንያቱ ሳይገኝ የተገጠመ ጋስኬት ለሚቀጥለው ዳገት የተቀመጠ ነው።

ጠያቂው

ቴስታታው 0.08 ሚሊ ሜትር ተጣምሞ ተገኝቶ ተላገ፤ ስንጥቅ አልነበረውም፣ ብሎኩም ደህና ሆነ፣ ጭረቶቹም ይታያሉ። ቴርሞስታቱ ግማሽ ተከፍቶ ደርቆ ነበር። ቱቦውንና ቡሾቹን ጨምሮ አጠቃላይ ወጪው መጀመሪያ ከተነገረኝ ዋጋ አንድ ሦስተኛ አካባቢ ሆነ። ከተሠራ በኋላ 900 ኪሎ ሜትር ነድቼዋለሁ፤ ውኃው ካለበት አልወረደም፣ ጠዋትም ወዲያው ተስተካክሎ ይነሣል። ዘይቱን በዚህ ሳምንት እቀይራለሁ።