«ሃዎር» በአማርኛ ምን ይባል? (ደግሞስ «የሲሌት ክልል» ልክ ነው?)

ግስ ፈላጊ፦ በሰሜን ምሥራቅ ባንግላዴሽ ስላለችው ሲሌት በምተረጉመው ጽሑፍ «ሃዎር» ደጋግሞ ይመጣል። «ሐይቅ» ብዬው ነበር፤ ግን «ገበሬዎች ሃዎሩ ውስጥ ሩዝ ያጭዳሉ» ይላል። ሐይቅ ውስጥ ምን ዓይነት አጨዳ ነው?

ብራና፦ ሐይቅ አይደለማ። ሃዎር እንደ ሳህን የጎደጎደ ሰፊ ሜዳ ነው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ውሃ ይተኛበታል፤ በአፈር ቁልል ላይ የተሠሩት መንደሮች ደሴት ይሆናሉ፣ ሰው በጀልባ ይጠያየቃል። ውሃው ሲሸሽ ያው ሜዳ ማሳ ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ሳይደርቁ የሚቀሩት ጉድጓዳማ ቦታዎች ግን ስማቸው ሌላ ነው፤ «ቢል» ይባላሉ። «ኩሬ» የሚለው ለእነሱ ይስማማል። የቃሉ ምንጭ «ሳጋር» (ባሕር) ነው ይባላል፤ በሲሌትኛ የቃል መነሻ «ሽ» ወደ «ህ» ይላላል፣ ሰባት «ሻት» መሆኑ ቀርቶ «ሃት» እንደሚባለው።

ዘንባባ፦ «ጨፌ» ቢባልስ? ፎገራም እኮ ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዝም ያበቅላል።

ብራና፦ ፎገራ ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው፤ ልዩነቱ ግን የፎገራ ሩዝ በዝናብ ወቅት ይበቅላል፣ የሃዎሩ ዋና ሩዝ ደግሞ በደረቁ ወቅት። ጨፌ ስንል ደግሞ ሣሩ ከውሃው በላይ ይታየናል፤ ሃዎር ላይ ውሃው ሜትሮች ይጠልቃል። እኔ «ሃዎር» ብዬ ትቼው፣ መጀመሪያ ሲመጣ «በክረምት ባሕር፣ በበጋ ማሳ የሚሆን ጎድጓዳ ሜዳ» እለዋለሁ።

የወንዝ ማዶ፦ «ግድብ» የሚለውም ያሳስታል። የሃዎር ግድብ ሆን ተብሎ አጭር የሚደረግ የአፈር ክትር ነው፤ አዝመራው እስኪነሳ ብቻ ውሃ ይመክትና ኋላ ራሱ ይሰጥማል። በጣም ቢረዝም ለዓሣውም ለጀልባውም መግቢያ ይዘጋል። በየበጋው መጠገን አለበት፤ ሥራው ከዘገየ አፈሩ ሳይደቀደቅ ጎርፉ ይደርስበትና ይናዳል። ጎርፉ የሚወርደው ሕንድ ውስጥ ካሉት የሜጋላያ ተራሮች ነው፤ እዚያ ያለችው ቼራፑንጂ በ1995 እ.ኤ.አ. በ48 ሰዓት 2,493 ሚሊ ሜትር ዝናብ አግኝታለች። በ2017 እ.ኤ.አ. ጎርፉ ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ ቀድሞ ወረደና ያልታጨደውን ሩዝ በላው።

ግስ ፈላጊ፦ «ክልል» ስለሚለውስ?

የወንዝ ማዶ፦ አይሆንም። አንተ «ክልል» ያልከው የባንግላዴሽ አስተዳደር ክፍል፣ «ቢባግ»፣ ምክር ቤት የለውም፤ ኮሚሽነሩን የሚሾመው ማዕከላዊው መንግሥት ነው። ስለዚህ የድሮው «ክፍለ ሀገር» ይቀርበዋል። ሲሌት ከቺታጎንግ ተነጥላ ቢባግ የሆነችው ኦገስት 1 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ነው። ከሥሯ 4 «ጂላ» አሉ፤ ሲሌት፣ ሞልቪባዛር፣ ሆቢጎንጅ፣ ሹናምጎንጅ። ጂላ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን «ጎን አጥንት» ማለት ነው፤ «አውራጃ» በሉት። «ኡፓጂላ» ወረዳ ነው።

ታሪኩን ስትተረጉሙም ዘመኑን ለዩ። ሲሌት በ1874 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከቤንጋል ወደ ጎረቤቷ የሕንድ ግዛት አሳም ተዛውራ ነበር፤ ከ1905 እስከ 1912 «ምሥራቅ ቤንጋልና አሳም» ውስጥ ገብታ እንደገና ወደ አሳም ተመለሰች። በጁላይ 1947 ሕዝበ ውሳኔ 239,619 ድምፅ ለምሥራቅ ቤንጋል (ለዛሬዋ ባንግላዴሽ)፣ 184,041 ለአሳም ተሰጠ። ያም ሆኖ የሲሌት አካል ከነበረው ካሪምጋንጅ አብዛኛው ሕንድ ውስጥ ቀርቷል። ስለዚህ የ1940ውን «ሲሌት» በዛሬው ካርታ መለካት ስሕተት ነው።

ግስ ፈላጊ፦ እግዜር ይስጥልኝ። «ገበሬዎች በሃዎሩ ማሳ የክረምት ሩዝ ያጭዳሉ» ልበለው?

ብራና፦ «ክረምት» አይበሉት! ያ የሃዎሩ ዋና ሩዝ፣ «ቦሮ» የሚባለው፣ በታኅሣሥና በጥር ተተክሎ በሚያዝያ የሚታጨድ ነው። ባንግላዴሾች «ክረምት» ሲሉ ብርዱን ወቅት ማለታቸው ነው፤ የእኛ አንባቢ ግን ክረምት ሲባል ዝናብ ይታየዋል፣ ያን ጊዜ ደግሞ ማሳው ውሃ ውስጥ ነው። «የበጋ ሩዝ» ይበሉት።