የሜክሲኮ ሲቲው ላ መርሴድ ገበያ የጅምላ ንግዱ ከሄደ በኋላ ምን አቆየው?

ጥያቄ፦
ላ መርሴድ ለረጅም ዘመን የሜክሲኮ ሲቲ ዋና የምግብ ጎተራ እንደነበረና እ.ኤ.አ. በ1982 የጅምላ ንግዱ ኢስታፓላፓ በተባለው የከተማዋ ክፍል ወደተሠራው ሴንትራል ዴ አባስቶ የተባለ የጅምላ ገበያ እንደተዛወረ አንብቤአለሁ። ጅምላው ሲሄድ ገበያው ይዘጋል ተብሎ ቢገመት አያስገርምም ነበር፤ ዛሬም ግን ከከተማዋ ትላልቅ የችርቻሮ ገበያዎች አንዱ ነው። ታሪኩንና የዕለት ተዕለት ኑሮውን የምታውቁ ብታስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመጀመሪያ መልስ፦
ውድ ጠያቂ፣ በቦታው ላይ ያለው ንግድ ከሕንፃው በእጅጉ የሚቀድም በመሆኑ ከዚያ መጀመር ይሻላል። ከተማዋ በሐይቅ ላይ የተቆረቆረች ስለነበረች አትክልቱና አበባው ከሶቺሚልኮና ከቻልኮ በላ ቪጋ ቦይ በታንኳ ተጭኖ ይገባ ነበር፤ ዛሬ የሮልዳን ጎዳና የሚባለውም ያን ጊዜ ታንኳዎች ጭነታቸውን የሚያራግፉበት ስፍራ ነበር። ገበያው ስሙን ያገኘው በአካባቢው ከነበረው የመርሴዳውያን መነኮሳት ገዳም ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወጡት የተሐድሶ ሕጎች የቤተ ክርስቲያንን ንብረት ወደ መንግሥት ሲያዞሩ የገዳሙ ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ ቦታው ለገበያ ዋለ፤ በድንጋይ ቅርጽ ያጌጡ ቅስቶች የከበቡት የገዳሙ ውስጠኛ ግቢ ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ይገኛል።

ናቬ ማዮር የሚባለው ትልቁ አዳራሽ በአርክቴክት ኤንሪኬ ዴል ሞራል ተነድፎ እ.ኤ.አ. በ1957 ተመረቀ። ጊዜው ኤርኔስቶ ኡሩቹርቱ ከተማዋን የሚያስተዳድሩበት፣ በየመንገዱ የሚነግደውን ሕዝብ ጣሪያ ሥር ለማስገባት ከ150 በላይ ገበያዎች የተሠሩበት ዘመን ነበር።

ሁለተኛ መልስ፦
ከላይ በተጻፈው ታሪክ እስማማለሁ፤ ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ የሚሆነው ግን የሸማቹ ማንነት ይመስለኛል። ወደ ኢስታፓላፓ የሄደው በጭነት መኪና የሚገዛው ነጋዴ ነው። ለቤቷ ጥቂት ኪሎ ቲማቲም የምትፈልግ ሴት ወይም ለአነስተኛ ምግብ ቤቷ በየማለዳው የምትሸምት ባለሙያ ከመሀል ከተማ ርቃ የምትሄድበት ምክንያት አልነበራትም፤ በተለይም እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው የመጀመሪያው የሜትሮ መስመር በገበያው ስም የተጠራ ጣቢያ ስላለውና የጣቢያው አንዱ መውጫ አዳራሹ ውስጥ ስለሚያደርስ። በዚያው ሠፈር ደግሞ ከረሜላና ጣፋጭ የሚሸጥበት አምፑዲያ፣ የመድኃኒት ዕፅዋትና የአምልኮ ዕቃ የሚገኝበት ሶኖራ ስላሉ አንዱ ገበያ ለሌላው ደንበኛ ያመጣለታል።

ይህን ስል ዝውውሩ ጉዳት አላደረሰም ማለቴ አይደለም። በዙሪያው የነበሩ በርካታ መጋዘኖች ሥራ ፈቱ፤ ሠፈሩም ለብዙ ዓመታት ተጎሳቁሎ ቆይቷል።

ሦስተኛ መልስ፦
ስለ ዕለታዊ ኑሮው ልጨምር። በመተላለፊያው ሲሄዱ ከኋላዎ «ጎልፔ!» የሚል ጩኸት ከሰሙ ፈጥነው ወደ ጎን ይበሉ፤ ዲያብሌሮ የሚባለው ተሸካሚ ከቁመቱ በላይ የተደራረበ ሣጥን በሁለት ጎማ ጋሪ እየገፋ መምጣቱ ነው። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሴቶች የኖፓል ቁልቋልን ቅጠል በአንድ እጅ ይዘው፣ ስለታም ቢላዋ ገጹ ላይ እያንሸራተቱ እሾኹን ብቻ ይልጣሉ፤ አረንጓዴው ሥጋ ሳይቆረጥ እሾኹ እግራቸው ሥር ይረግፋል። ከእነርሱ አለፍ ሲሉ አንቾ፣ ፓሲያና ጉዋሂዮ የሚባሉት የደረቁ ቃሪያዎች በጆንያ ተሞልተው፣ ለሞሌ ወጥ የሚሆነው የተፈጨ ቅመም ደግሞ ተከምሮ ይታያል።

ሻጭና ገዢ «ማርቻንታ» (ደንበኛዬ እንደማለት ነው) እየተባባሉ ይጠራራሉ፤ ዕቃው ከተመዘነ በኋላም ፒሎን የሚሉት ምርቃት ይታከላል። እኔ ትልቅ ቦታ የምሰጠው ለዚህ ትውውቅ ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የደረሰው የእሳት አደጋስ ይህን ትውውቅ አላፈረሰውም?

ሦስተኛው መላሽ፦
በዚያ ዓመት የካቲት ወር እሳቱ የናቬ ማዮርን ሰፊ ክፍል አወደመ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ታኅሣሥም ሌላ ቃጠሎ ደርሷል። ነጋዴዎቹ ግን በአዳራሹ ዙሪያ ጊዜያዊ መደብ ዘርግተው መሸጣቸውን ቀጠሉ፤ ደንበኞቻቸውም እዚያው ተከተሏቸው። ሕንፃው የከተማው አስተዳደር ንብረት በመሆኑ ነጋዴው በእጁ ያለው የመደቡ ፈቃድ ብቻ ነው፤ ብዙዎቹም መደቡን ከወላጆቻቸው የተረከቡ ናቸው። ስለዚህ የእድሳት ዕቅድ በተነሣ ቁጥር መጀመሪያ የሚጠይቁት ሥራው ሲያልቅ ወደ ቀድሞ ቦታቸው የመመለሳቸውን ዋስትና ነው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው እላለሁ።