ክርክር፦ አቤቱታ በኮምፒውተር ብቻ ይቅረብ?

ጠያቂው (ደብረ ማርቆስ)፦ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከወጣ ስንት ክረምት አለፈ! የጎጃም ጠበቃ ግን ዛሬም አቤቱታውን አባዝቶ፣ በየገጹ ማኅተሙን አሳርፎ መዝገብ ቤት ደጅ ይጠናል። በኮምፒውተር ብቻ ይቅረብ ቢባል ማን ይቃወማል?

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦ እኔ እቃወማለሁ። «ሽማግሌው ኮምፒውተር ፈርቶ ነው» የሚል ካለ ተሳስቷል፤ የሰበር ውሳኔዎችን የማነበው ከስልኬ ነው። የምፈራው ቀኑን ነው። ይግባኝ የሚቀርበው በ60 ቀን ውስጥ ነው። በ2015 ክረምት በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ እንዲህ ያለ ደንብ ቢኖር ኖሮ የስንቱ ገበሬ መሬት በዚያው ይቀር ነበር!

ወጣት ጠበቃ (ቡሬ)፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 326 በቂ ምክንያት ላለው ሰው ጊዜው ካለፈም በኋላ ያስፈቅዳል።

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦ ልጄ፣ ንዑስ ቁጥር 2 ድረስ ወርደህ አንብበው። ጥፋቱ የጠበቃው ወይም የወኪሉ ከሆነ አይፈቀድም። ክልሉ በሙሉ ሲቋረጥ ዳኛው ያምነኛል። የእኔ ቢሮ ብቻ መብራት ቢጠፋበትስ? ወረቀቱ ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አለ፤ እሱን ይዤ እከራከራለሁ።

ወጣት ጠበቃ (ቡሬ)፦ ሰዓት የያዘ ደረሰኝ ወዲያው ከተሰጠ ይህ ያልቃል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ግን (የሚቀየመኝ አይጠፋም) ቀጠሮ በተራዘመ ቁጥር ከባለጉዳዩ የመጓጓዣና የውሎ አበል የሚቀበል ከመካከላችን አለ። ኮምፒውተር የሚጠላው እሱ ነው።

ባለጉዳይ (ሞጣ)፦ ወጣቱ አፈረጠው። የድንበር ክስ አለኝ። መዝገቡ «አልተገኘም» ተብሎ ቀጠሮ ተለወጠ። የምስክሮቼ ቃል ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ አንደኛው ምስክር ደግሞ አርፏል። ማንን ላስመሰክር? ብቻ ለማመልከቻ ጸሐፊው የምከፍለው እጥፍ እንዳይሆን።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛ (ምሥራቅ ጎጃም)፦ ስማችን ከተነሣ እኔም ልናገር። መዝገቡን ስካን እናደርጋለን፤ ከዚያ ዳኛውም ጠበቃውም «ወረቀቱን አምጪ» ይሉናል። አንዱን ሥራ ሁለት ጊዜ! ወረቀቱ የተከመረበት ክፍል ደግሞ ያፈስሳል።

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦ እንግዲያው ሁለቱም መንገድ ክፍት ይሁን።

ወጣት ጠበቃ (ቡሬ)፦ ክፍት ከሆነ ሁላችንም ወረቀት እንደተሸከምን እንቀራለን፤ የእህታችን ድካምም አይቀንስም። ጠበቃ በኮምፒውተር፣ ራሱ የሚከራከር ባለጉዳይ በወረቀት ያቅርብ።

ጠበቃ (ፍኖተ ሰላም)፦ እሱ ያስማማናል። ግን አስቀድሞ ንዑስ ቁጥር 2 ይሻሻል፤ የእኔ መብራት በጠፋ ባለጉዳዬ መሬቱን አይጣ።