ፋየርዎል የዘጋሁበት ማሽን ሌሊቱን ሙሉ ዲኤንኤስ ይጠይቃል፤ ልጨነቅ?

ኬብል ጎታች፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአንድ መካከለኛ ድርጅት ኔትወርክ እጠብቃለሁ። የሒሳብ ክፍል አንዱ ኮምፒውተር ኢንተርኔት እንዳይወጣ በፋየርዎል ዘግቼበታለሁ። የዲኤንኤስ (የዌብሳይት ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚቀይረው አገልግሎት) ሎጉን፣ ማለትም የጥያቄዎቹን መዝገብ፣ ሳይ ግን ይሄው ማሽን የአንድ የማላውቀው ዶሜይን ስም ሲጠይቅ ያድራል። ከዶሜይኑ በፊት የሚመጣው የተዘበራረቀ ፊደልና ቁጥር ነው። አንዴ የመጣው አይደገምም። ዌብሳይት መክፈት ካልቻለ ስም መጠየቁ ምን ያደርግለታል?

ፖርት 53፦
ተጨነቅ እንጂ! ጥያቄው ራሱ ነው ጭነቱ። ማሽኑ የውስጥ ዲኤንኤስ ሰርቨርህን ይጠይቃል። ሰርቨርህ መልሱን ስለማያውቀው ወጥቶ የዶሜይኑን ባለቤት ሰርቨር ይጠይቃል። ማሽኑ ከበር አልወጣም፤ ያንተው ሰርቨር ነው ተሸክሞ ያደረሰለት። የሚሰረቀው ፋይል ተቆራርጦ ያ ዝብርቅርቅ ውስጥ ገብቷል። በሁለት ነጥቦች መካከል እስከ 63 ፊደል ይይዛል፣ ሙሉው ስም ከ255 ባይት አያልፍም። ትንሽ ነው አትበል፣ ሌሊቱ ረጅም ነው። መልሱም ባዶ እጁን አይመጣም፤ በቲኤክስቲ ሬከርድ (ጽሑፍ በሚይዝ የዲኤንኤስ መልስ) ትእዛዝ ሊመጣበት ይችላል። የማይደገመው ለምን መሰለህ? ስሙ ከተደገመ ሰርቨርህ ከካሹ (ቀድሞ ካስቀመጠው መልስ) ይመልስና ጥያቄው ውጭ አይደርስም።

እ.ኤ.አ. በ2020 የተጋለጠው የሶፍትዌር ኩባንያው የሶላርዊንድስ ጉድ ትዝ ይልሃል? ሰንበርስት የተባለው ማልዌር የገባበትን ድርጅት የዶሜይን ስም በዚሁ መንገድ ነበር ለጌቶቹ የሚያቀብለው።

ጸጉር ሰንጣቂ፦
ኧረ ሰውዬውን አታስደንግጠው። የፋይል ሃሽ (የፋይሉን መለያ አሻራ) በዲኤንኤስ የሚጠይቅ አንቲቫይረስም አለ፣ ሎጉ ላይ ልክ እንዲህ ነው የሚመስለው። ደግሞ ይሄን አንዳንዶች እንደሚሉት «ድብቅ መስመር» (ኮቨርት ቻነል፣ በስውር መረጃ ማሳለፊያ) ማለት አይዋጥልኝም። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ በትለር ላምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ነገሩን ሲያነሳ ያሰበው ለመልእክት ጨርሶ ያልተሠራ ነገርን ነው። ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም ማሽኑን አንዴ በሥራ እያጨናነቀ፣ አንዴ እያሳረፈ ለሌላው ምልክት ሲሰጥ።

ፖርት 53፦
ስሙን እንደፈለግህ በለው፣ ዳታው ግን እየወጣ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ብርቱካናማ መጽሐፍ (የኮምፒውተር ደኅንነት መመዘኛ)፣ እ.ኤ.አ. የ1985ቱ እትም፣ በሰከንድ ከ100 ቢት በላይ የሚያሳልፍን ድብቅ መስመር ሰፊ ይለው ነበር። ዲኤንኤስ ይህን በቀላሉ ያልፈዋል።

በአንቲቫይረሱ ግን ልክ ነህ። ኬብል ጎታች፣ መጀመሪያ ዶሜይኑ የማን እንደሆነ እይ። የአንቲቫይረሳችሁ ካልሆነ ማሽኑን ከኔትወርክ ንቀለው፣ ግን እንዳታጠፋው። ሜሞሪው ላይ ያለው ማስረጃ ይጠፋብሃል። ወደፊት ደግሞ ሰርቨርህ ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች የውስጥ ስሞችን ብቻ ይመልስ። ኢንተርኔት የማይወጣ ማሽን የውጭ ስም ምን ይሠራለታል?

ኬብል ጎታች፦
አየሁት፣ የእኛ አንቲቫይረስ አይደለም። ገመዱን ነቅያለሁ፣ ለአለቃዬም ደውያለሁ። ፒንግስ (ማሽን መኖሩን መሞከሪያዋ አጭር መልእክት)? እሱ ለሁሉም ክፍት ነው።

ፖርት 53፦
ፒንግ ውስጥ ዳታ ማጨቅማ ከእ.ኤ.አ. 1990ዎቹ ጀምሮ የታወቀ ነው፣ ሎኪ የሚባል መሣሪያ ነበር። ከሒሳብ ክፍል ወደ ውጭ ዛሬውኑ ዝጋው። ከዚያ በፊት ግን የፒንጎቹን መጠን ከሎጉ አውጣና እዚህ ለጥፍልን።