የተጠናው ሕዝብ ውጤቱን ሳይሰማ ዲግሪ ይሰጥ?

የሳምንቱ መከራከሪያ፦ በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሚሠራ የመመረቂያ ጥናት ውጤቱ ለተጠናው ሕዝብ በአማርኛ ሳይነገር ተማሪው መመረቅ የለበትም። ትደግፋላችሁ ትቃወማላችሁ?

ትዕግስት፦
እደግፋለሁ። ሥራዬ ለጥናቶች መረጃ መሰብሰብ ነው። የስምምነት ቅጹ ላይ ሁሌም «ውጤቱ ማኅበረሰቡን ይጠቅማል» የሚል ነገር አይጠፋም። ይህን ለእናቶች ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ሥራቸውን ትተው ይቀመጡልኛል። ስለ ገቢያቸው፣ ስለ ወሊዳቸው፣ ስለ ሞተባቸው ልጅ ሳይቀር ይነግሩኛል። ከዚያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ይጠረዛል፣ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ በቃ። ደግሞ ሌላ ተማሪ ያንኑ ጥያቄ ይዞ ያንኑ በር ያንኳኳል። «ያኔ የጠየቃችሁን ምን ደረሰ?» ሲሉኝ መልስ የለኝም።

ሀብታሙ (መምህር)፦
ቁጭትሽ ይገባኛል እህቴ። ምረቃን ከዚህ ጋር ማሰር ግን ተማሪውን መቅጣት ነው። ብዙዎቹ መረጃ የሚሰበስቡት ከኪሳቸው እየጨመሩ ነው። የከፍተኛ ትምህርታችን ቋንቋም እንግሊዝኛ ነው፤ ሌላ አገር ያለ ባለሙያ ሥራውን አይቶ ስህተቱን የሚነቅሰው በዚያ ቋንቋ ነው። ዩኒቨርሲቲ ከማስተማርና ከምርምር ቀጥሎ ማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ሦስተኛ ተግባር አለው። ይህን ኃላፊነት እሱ ክፍል ይውሰደው።

ትዕግስት፦
የመመረቂያ ጽሑፉ በአማርኛ ይጻፍ አላልኩም። ሁለት ገጽ አማርኛና አንድ ቀን ነው የጠየቅኩት።

ወርቁ (ደራ)፦
የዓሣውን ልንገራችሁ። ክረምት ሲገባ ነጩ ዓሣ ከጣና ወጥቶ በጉማራና በርብ ሽቅብ ይሄዳል። ጠጠር ያለበት ንጹሕ ውኃ ፈልጎ እንቁላሉን ይጥላል። ያን ጊዜ ወንዙ አፍ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው ብዙ ያገኛል፤ የሚይዘው ግን ገና ያልወለደውን ነው። ይህ በጥናት ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ነጩ ዓሣ ክፉኛ እንደቀነሰ ተጽፏል፤ ከምክንያቶቹም አንዱ ይኸው የወንዝ አፍ ማስገር እንደሆነ ተጠቅሷል። እኛ ጆሮ የደረሰው ግን «ክልክል ነው» የሚለው ብቻ ነው። ለምን እንደሆነ ቁጭ ብሎ ያስረዳን የለም። ምክንያቱን ያልነገሩት ሰው ደግሞ ደንብ የሚያከብረው ተቆጣጣሪ ሲያይ ነው።

ሌላም አለ። መጠይቁ «የወር ገቢዎ ስንት ነው?» ይላል። ዓሣ አስጋሪ ምን የወር ገቢ አለው? በሁዳዴ ፈላጊው ሲበዛ ሌላ ነው፣ ነፋስ ሲበረታ ሌላ ነው። አባቴ ጠያቂው እንዳይቸገር ብሎ የመጣለትን ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ሠንጠረዥ ገብቶ «አማካይ ገቢ» ይባላል። መጥታችሁ ብታነቡልን እኮ «ይሄ ልክ አይደለም» እንላችሁ ነበር።

ሀብታሙ (መምህር)፦
የመጨረሻው ነጥብህ ጥናቱን ራሱን ያሻሽላል፤ በዚህ አልከራከርህም።

ሰላማዊት (ነርስ)፦
ቆይ፣ ሁሉም ውጤት ስብሰባ ላይ አይነገርም። ሐይቁ ዳር ተሰባስበው የሚኖሩ ትንንሽ ማኅበረሰቦች አሉ። «እዚህ ሰፈር ኤችአይቪ በዝቷል» ብሎ አደባባይ ማውጣት ልጆቹን ስም አሸክሞ ትምህርት ቤት መላክ ነው። እንዲህ ያለው ለጤና ጣቢያውና ለሚመለከታቸው ብቻ ይነገር።

ቢልሃርዚያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በጣና ዳር ተማሪዎች ላይ ተደጋግሞ ተጠንቷል። ልጁ ቁጥር የተጻፈባት ትንሽ ባለክዳን ዕቃ ይሰጠዋል፣ ሰገራ ይዞ ይመጣል፣ ከተገኘበት ፕራዚኳንቴል ይውጣል። እናቱ ክኒን መዋጡን ትሰማለች። ተውሳኩ ውኃ ውስጥ ካለ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ እንደሚገባ ካልነገርናት ግን ልጁ ነገም እዚያው ይዋኛል። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ዳግም ከመያዝ አያድንም። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ2004 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ስንት ገበሬ ውኃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ሲነቅል ይውላል! እነሱ ይህን ከኛ ካልሰሙ ከማን ይስሙ?

አቤል (ተማሪ)፦
እኔ አሁን ፕሮፖዛል ላይ ነኝ፤ ስለ ዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ነው። ናሙናዬ ከደራና ከፎገራ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ። ግን ስብሰባ ሲጠራ አበል የሚጠይቅ አለ። ከየት አመጣለሁ?

ትዕግስት፦
አትጥራ ወንድሜ። ሰው ተሰብስቦ ያለበት ሂድ። ዕድር አለ፣ የወላጆች ስብሰባ አለ፣ ከቅዳሴ በኋላ ጥላ ሥር የሚቀመጡ አሉ። ሩብ ሰዓት ለምናቸው፤ ሁለቱን ገጽ አንብብላቸው።

ደግሞ ይህን እኔ አልፈጠርኩትም። በሰው ላይ የሚደረግ የሕክምና ምርምር የሚመራበት የሄልሲንኪ መግለጫ እ.ኤ.አ. በ2013 ሲሻሻል፣ ተሳታፊዎች አጠቃላይ ውጤቱን የማወቅ ምርጫ ይሰጣቸው ይላል። የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፕሮፖዛል ሲያጸድቅ «ውጤቱን ለማን፣ የት፣ እንዴት ትነግራለህ?» ብሎ ይጠይቅ። ያኔ ወጪውም ገና ከመነሻው በጀት ውስጥ ይገባል።

ሀብታሙ (መምህር)፦
በኮሚቴው በኩል ከሆነ እስማማለሁ። ከዲፌንስ (ተማሪው ጥናቱን ፈታኞች ፊት ከሚያቀርብበት ቀን) በፊት ግን አይሆንም። ፈታኞች ያላዩትን ቁጥር ለሕዝብ ነግረን ነገ ቢሻርስ? ዲፌንስ ይለፍ፣ እርማቱ ይግባ፣ የመጨረሻው ቅጂ ከመረከቡ በፊት ይነገር።

ትዕግስት፦
ሳይነገር ቅጂው እንዳይረከብ እንጂ ቀኑ አያጣላንም።

ወርቁ (ደራ)፦
እኛን ያጣላናል። አቤል፣ ያንተ ዲፌንስ መቼ ነው?

አቤል (ተማሪ)፦
እንደ ልማዱ ከሆነ ሰኔ።

ወርቁ (ደራ)፦
እንግዲያው እርማቱን ቶሎ ጨርስና ሰኔ ሳይወጣ ና። ሐምሌ ከገባ ዓሣው ወንዝ ይጀምራል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። አባቴንና ጓደኞቹን እኔ እሰበስብልሃለሁ። የገቢውን ሠንጠረዥ ሳትረሳ ይዘህ ና።