ለየካቲት ዐውደ ርዕያችን፦ ውጅግራ የማን ስም ነው?

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለአድዋ በዓል የምናቀርበውን የጋራ ሐሳብ እንጀምር። እኔ የማስበው ስለ ድሮው ጠመንጃ፣ ስለ ውጅግራ ነው። በቀረርቶ ስንሰማው አድገናል፤ ከስሙ ውስጥ የሰው ስም እንዳለ ግን ብዙዎቻችን አናውቅም። ፈረንሳዮች «ፊዚ ግራ» ይሉታል፣ ግራ የተባለ ሰው ጠመንጃ ማለት ነው። በአባቶቻችን አፍ ውጅግራ ሆነ። ባዚል ግራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1836 ተወልዶ በ1901 ያረፈ የፈረንሳይ መኮንን ነው። ጠመንጃውን ሲሠራ ሻምበል ነበር፤ በኋላ ጄኔራል ሆኗል። የሕይወት ታሪኩን በአንድ ትልቅ ሰሌዳ መግቢያው ላይ ብናቆመውስ?

ጋሼ (የቦርድ አባል)፦ ልጄ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው። መግቢያው ላይ ግን አልስማማም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ጠመንጃውን ተሸክሞ አድዋ የወጣው የኛ ገበሬ ነው። ሰው ሲገባ መጀመሪያ እሱን ይይ።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት ጋሼ። ባለ ጠመንጃው ይቅደም፣ ሠሪው ይከተል። አስተካክለዋለሁ።

የቴክኒክ ክፍል፦ ሠሪው ምን እንደሠራም ይታይ እንጂ! ከሱ በፊት የነበረው ሻስፖ የተባለው የፈረንሳይ ጠመንጃ የሚተኩሰው በወረቀት የተጠቀለለ ጥይት ነበር። ከኋላ እሳቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት ነው፤ ጎማው ደግሞ እየተቃጠለ ያልቃል። ባዚል ግራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1874 የናስ ቀለህ ያለው ጥይት እንዲጎርስ አደረገው። ሲተኮስ ናሱ ራሱ ይለጠጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። እኔ በጣም የምወደው ይህን ነው፤ ቀለሁ ራሱ መክደኛ ሆነ። የድሮዎቹ ሻስፖዎችም አልተጣሉም፣ ብዙዎቹ ወደ ግራ ጠመንጃነት ተለወጡ። የአፈሙዙ ቀዳዳ ስፋት 11 ሚሊሜትር ነው። አንድ ተኩሰህ አንድ ታጎርሳለህ፣ ባሩዱም ጥቁር ስለሆነ ጭሱ ተኳሹን ያጋልጣል። ልጆች እንዲገባቸው ከእንጨት ትልቅ ሞዴል እንሥራ። ወጪው አይከብድም።

አንዲት አባል፦ አንድ ነገር ልጨምር። ግሪኮችም ይህን ጠመንጃ ታጥቀዋል፣ እስከ ዛሬም «ግራስ» ይሉታል። ሁለት ሕዝቦች የአንድን መኮንን ስም በየቋንቋቸው ይዘው ቀሩ። ይህ ራሱን የቻለ ጥግ ይገባዋል። ፈረንሳይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል የተባለ ጠመንጃ ስትይዝ ግራው ለሷ አሮጌ ሆነ። ለኛ ግን ገና የጦርነት መሣሪያ ነበር። ያንን ልዩነት ሳስበው ልቤ ይነካል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጥግም ሞዴልም ይሁን። እውነተኛ ጠመንጃ ግን አናስገባም፤ ፈቃዱ ረጅም ነው። ፎቶና ባዶ ቀለህ ይበቃል።

ጸሐፊ፦ እንግዲህ የተስማማንበት ረቂቅ ይህ ነው፦ «ማኅበራችን ‹ውጅግራ፦ ከተሸካሚው እስከ ሠሪው› የተሰኘ ዐውደ ርዕይ ያቀርባል። መግቢያው የአድዋ ዘማቾች ፎቶ፣ ቀጥሎ የእንጨት ሞዴሉ፣ ከዚያ የባዚል ግራ ሕይወት፣ መጨረሻ የስሙ ጉዞ።» ቤተሰቡ ጋ የዘማች አያት ፎቶ ያለው እስከ ዓርብ ያሳውቀኝ። ጋሼ፣ የመግቢያውን ጽሑፍ እርስዎ ቢጽፉልንስ?

ጋሼ፦ እጽፋለሁ። የአባቴ አባት ፎቶም አለኝ፣ ይዤ እመጣለሁ።